በሰው አገር ባንክ መልመድ፦ ከመጀመሪያው ቅጽ እስከ መጀመሪያው ሐዋላ

አገር ቀይሬ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የባንክ ሂሳብ ከፈትኩ። ካርዱ በፖስታ ይመጣል ተባልኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። የለም። ቅርንጫፉ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሁለት ጊዜ ልከናል፣ ሁለቱም ተመልሷል» አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖረው ሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከታች በሩ አጠገብ ባለው የፖስታ ሳጥን ላይ የተጻፈው የአከራዬ ስም ብቻ ነው። ፖስተኛው ስሜን ፈልጎ ሲያጣ ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል። የዚያን ቀን ማታ ስሜን በቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ከአከራዬ ስም ሥር በፕላስተር ለጠፍኩት። ካርዱ በአምስተኛው ቀን መጣ። ደሞዜ እስከዚያ ድረስ ሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ እኔ ግን የከረምኩት ከጓደኛ ተበድሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዲስ መጪዎችን ይዤ ባንክ ሄጃለሁ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘብ ማነስ አይመጣም። ስም፣ አድራሻ ወይም ቁጥር በአንዱ ወረቀት እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ሲሆን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

1. ከቤት ሳትወጡ፦ ወረቀቱን አስተካክሉ

ባንኮች የሚጠይቁት ሰነድ ከአገር አገር ይለያያል። ማወቅ የሚፈልጉት ግን ያው ነው፦ ማን ናችሁ? እዚህ ለመኖር ፈቃድ አላችሁ? የት ነው የምትኖሩት? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ፓስፖርት፣ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል ወይም በስማችሁ የመጣ የመብራት ሂሳብ፣ የሥራ ውል ወይም ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ። የግብር መለያ ቁጥር ካላችሁ እሱንም ጨምሩበት። ዋናውንም ኮፒውንም ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ፓስፖርታችሁን ክፈቱና ፎቶው ያለበትን ገጽ የታችኛ ክፍል ተመልከቱ። እንደ ቀስት ጫፍ ያሉ ምልክቶች የተደረደሩባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። በላይኛው መስመር ከአገሩ መለያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል። ከሁለት ተከታታይ ምልክቶች በኋላ ያለው ደግሞ የራሳችሁ ስም ነው። ቅጽ ስትሞሉ ይህንን ቅደም ተከተል አትልቀቁ። አንድ ፊደል እንኳ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። «እኔ ስሜን የምጽፈው በዚህ ፊደል ነው» የሚለው ክርክር ባንክ ቤት አይሠራም። ለአሠሪያችሁ፣ ለአከራያችሁና ለስልክ ድርጅቱም ያንኑ አጻጻፍ ስጡ።

ብዙ ሰው የሚያዞር አንድ አዙሪት አለ። ቤት ለመከራየት የባንክ ሂሳብ አምጡ ትባላላችሁ፤ ሂሳብ ለመክፈት ደግሞ የቤት ውል። መውጫው ደብዳቤ ነው። አሠሪ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የስደተኞች መጠለያ ወይም ያስጠጋችሁ ሰው «እዚህ አድራሻ ይኖራል» ብሎ ቢጽፍላችሁ የሚቀበሉ ባንኮች አሉ። አንዱ እምቢ ካለ ሌላው ጋ ሂዱ።

መብታችሁንም እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የክፍያ ሂሳቦች መመሪያ መሠረት በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው መሠረታዊ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው። ቋሚ አድራሻ የሌለውና ጥገኝነት የጠየቀ ሰውም ጭምር። የተሟላ ማመልከቻ የደረሰው ባንክ ቢበዛ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በካናዳም ሥራ ስለሌላችሁ ወይም መጀመሪያ የምታስገቡት ገንዘብ ስለሌላችሁ ብቻ ባንክ ሊመልሳችሁ አይችልም። ከተከለከላችሁ በትህትና «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን በር ስታስከፍት አይቻለሁ።

2. የትኛው ባንክ፣ የትኛው ሂሳብ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ነው፤ ደሞዝ የሚገባበት፣ ኪራይ የሚወጣበት። የቁጠባ ሂሳቡ ይደርሳል።

ባንክ ስትመርጡ ማስታወቂያውን ተዉትና የክፍያ ዝርዝሩን ጠይቁ። በየወሩ ስንት ይቆርጣል? ያ ክፍያ የሚቀርበት ሁኔታ አለ ወይ? አንዳንዱ «ነጻ ነው» ይልና ሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ መቁረጥ ይጀምራል። ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ስታወጡስ? ከውጭ አገር ገንዘብ ሲላክላችሁ የመቀበያ አለው? እነዚህን ጠይቃችሁ መልሱን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ሦስት ባንክ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ በስልክ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ርካሽና ፈጣን ናቸው። ቋንቋው ገና ላልገባው ሰው ግን የሚያናግሩት ሰው ያለበት ቅርንጫፍ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ አለው። የእኔ ምርጫ አንድ የቅርንጫፍ ሂሳብ ለደሞዝና ለኪራይ፣ ሌላ የስልክ ሂሳብ ለዕለት ወጪ ነው። አንዱ ቢታገድ እንኳ ባዶ እጄን አልቀርም።

ሌላው ነገር ዋስትና ነው። ባንኩ ቢከስር መንግሥት ያቋቋመው የዋስትና ሥርዓት የአስቀማጩን ገንዘብ እስከ ተወሰነ መጠን ይመልሳል። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 100,000 ዩሮ፣ በአሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር፣ በካናዳ እስከ 100,000 የካናዳ ዶላር ነው። ካርድና አፕ ያለው ሁሉ ግን ባንክ አይደለም። የክፍያ ድርጅት ብቻ ሆኖ ባንክ የሚመስል ሞልቷል። «በተቀማጭ ዋስትና ትሸፈናላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደሞዝ በካርድ ብቻ የሚከፈልበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የተሰጣችሁ ሙሉ ሂሳብ ይሁን የደሞዝ ማውጫ ካርድ ብቻ አጣሩ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለምሳሌ ከ2009 ጀምሮ አሠሪዎች ደሞዝ የሚከፍሉት መንግሥት በሚከታተለው የደሞዝ ጥበቃ ሥርዓት በኩል ነው፤ ብዙ ሠራተኛም እጁ ላይ ያለው የደሞዝ ካርድ ነው። ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ ሁልጊዜ በእናንተ እጅ ይሁን። «እኔ ላስቀምጥልህ» የሚል አሠሪ ወይም ደላላ ካለ መልሱ አይሆንም ነው።

3. የቀጠሮው ቀን

ብዙ ቦታ ሂሳብ የሚከፈተው በቀጠሮ ነው። ሰዓት አክብሩ። የሚያስተረጉም ሰው ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አዲስ መጪን የሚያስደነግጠው «በሌላ አገር ግብር ትከፍላለህ?» የሚለው ነው። መርማሪ መጣብኝ ብላችሁ አትሸበሩ። ብዙ አገሮች የበለጸጉ አገሮች ድርጅት በሆነው በኦኢሲዲ በኩል በ2014 በተዘጋጀ ስምምነት ከ2017 ወዲህ የባንክ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ይጠየቃል። እውነቱን መልሱና ፈርሙ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ኢንሹራንስ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የቁጠባ ዕቅድ አብሮ ያቀርባል። ሥራው ነው፣ አይፈረድበትም። እናንተ ግን «ዛሬ ሂሳቡን ብቻ» በሉ። ሌላውን ወረቀት ቤት ወስዳችሁ አንብቡት።

4. ቁጥሮቹን መለየት

የሂሳብ ቁጥርና የካርድ ቁጥር የተለያዩ ናቸው። ካርዱ ፊት ላይ ያለው ረጅም ቁጥር ለመገበያያ ነው፤ ለደሞዝ ክፍል አይሰጥም። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ለአሠሪው የካርዱን ቁጥር ሰጥቶ የመጀመሪያ ደሞዙ ሁለት ሳምንት ሙሉ የት እንደገባ ጠፋበት።

በአውሮፓና በብዙ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች የምትሰጡት አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር ነው። በሁለት የአገር ፊደሎች ይጀምራል፤ ርዝመቱ እንደ አገሩ ይለያያል፣ ቢበዛ ግን 34 ነው። የጀርመን 22 ነው፣ የኤምሬቶች 23፣ የሳዑዲ 24። ከፊደሎቹ ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች መፈተሻ ናቸው፤ አንድ አሃዝ ብትሳሳቱ ሲስተሙ ቁጥሩን አይቀበልም። አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ግን አይባን አይጠቀሙም። አሜሪካ 9 አሃዝ ያለው የባንክ መለያና የሂሳብ ቁጥር ይጠየቃል። አውስትራሊያ 6 አሃዝ ያለው የቅርንጫፍ መለያ አለ። ብሪታንያም አገር ውስጥ ሲላክ በ6 አሃዝ መለያና በ8 አሃዝ የሂሳብ ቁጥር ይሠራል። ከውጭ አገር ሲላክላችሁ ደግሞ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ያለው፣ ባንኩን የሚለይ የስዊፍት ኮድ ይጨመራል።

ቁጥሩን በእጅ አትገልብጡ። ከአፑ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። በዩሮ አገሮች ከጥቅምት 2025 ወዲህ ባንኩ ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት የተቀባዩ ስምና አይባኑ መመሳሰሉን ፈትሾ ለላኪው ያሳያል። «ስሙ አይዛመድም» የሚል መልእክት ከመጣ አልፋችሁ አትጫኑ፤ መጀመሪያ ደውላችሁ አጣሩ።

5. ካርድና ፒን

ካርዱና ፒኑ (የሚስጥር ቁጥሩ) አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ፖስታ በተለያየ ቀን ይመጣሉ። ይህ አንዱ ፖስታ ቢሰረቅ ሌባው ሁለቱንም እንዳያገኝ ነው። ፒኑን ካርዱ ላይ፣ ካርዱ የሚቀመጥበት ቦርሳ ውስጥ ወይም ስልክ ላይ «ፒን» ብላችሁ አትጻፉት። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ካርዱ ይቆለፋል፤ ሁለቴ ከተሳሳታችሁ እዚያው አቁሙ።

ዴቢት ካርድ ያላችሁን ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ክሬዲት ካርድ ብድር ነው። ሆቴል ወይም የመኪና ኪራይ ቦታ ስትከፍሉ ከዋጋው በላይ ለጥቂት ቀን ሊያዝባችሁ ይችላል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ግን ልትጠቀሙበት አትችሉም። በዴቢት ካርድ ከሆነ ያ ሳምንት ይጠብባችኋል።

የውጭ አገር ካርድ ኤቲኤም ውስጥ ስታስገቡ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ አስልቼ ልቁረጥ?» ብሎ ይጠይቃል። እምቢ በሉት። በቆማችሁበት አገር ገንዘብ ይሁን። ማሽኑ የሚሰጠው ምንዛሪ ብዙውን ጊዜ የከፋ ነው።

ካርድ ሲጠፋ መጀመሪያ አፑ ላይ ቆልፉት፣ ከዚያ ለባንኩ ደውሉ። ሰዓቱ ዋጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ መጥፋቱን ባወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ሌባው ካወጣው ሊደርስባችሁ የሚችለው ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ከዘገያችሁ እስከ 500 ይደርሳል፤ ስቴትመንቱ (የሂሳቡ የገቢና ወጪ ዝርዝር) ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ከዚያም በላይ። በአውሮፓ ኅብረት ከባድ ቸልተኝነት ከሌለባችሁ ጣሪያው 50 ዩሮ ነው። የባንኩን የማገጃ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልኩና ካርዱ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

6. በየወሩ የሚከፈሉት

ኪራይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ባንኩ በየወሩ በዚህ ቀን ይህን ያህል ይላክ ብላችሁ ራሳችሁ ታዙታላችሁ። መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት መጠናቸው ስለሚለያይ ድርጅቱ ራሱ ከሂሳባችሁ እንዲቆርጥ ፈቃድ ትሰጣላችሁ። የሁለቱ ልዩነት ቀላል ይምሰል እንጂ ወሳኝ ነው፦ የመጀመሪያውን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ፣ ሁለተኛውን ቆራጩ ድርጅት። በዩሮ አገሮች በፈቃድ የተቆረጠን ገንዘብ በ8 ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ ባንኩ እንዲመልስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ ማለት ግን ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ የሚገባ ሂሳብ ከሆነ ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ይልካል።

የመክፈያ ቀናችሁን ከደሞዝ ቀን ሁለት ሦስት ቀን አሳልፉት። ደሞዝ ቅዳሜና እሑድ ላይ ወይም በዓል ላይ ቢውል ይዘገያል። ሂሳቡ ባዶ ሆኖ የኪራይ ትዕዛዙ ከደረሰ ወይ ክፍያው ይመለሳል፣ ወይ ኦቨርድራፍት ውስጥ ትገባላችሁ። ኦቨርድራፍት ሳትጠይቁ የሚመጣ ውድ ብድር ነው። የማትፈልጉት ከሆነ እንዲዘጋላችሁ ጠይቁ።

በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ስቴትመንቱን እዩ። የማታውቁት ትንሽ ቁራጭ ካለ አትናቁት፤ አንዳንድ ሌባ ካርዱ መሥራቱን የሚሞክረው በሳንቲም ነው።

7. ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው «የመላኪያ ክፍያ» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍያ ምንዛሪው ውስጥ ተደብቋል። አንዱ «ክፍያ የለም» ብሎ ምንዛሪውን ዝቅ ያደርጋል። ሌላው ክፍያ ይጠይቅና የተሻለ ምንዛሪ ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ከእኔ ይህን ያህል ብታወጡ፣ ተቀባዩ እጅ በስተመጨረሻ ስንት ይገባል?» ሦስት ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህንኑ ጠይቁና አወዳድሩ። ምንዛሪ ስለሚንቀሳቀስ የትናንትና የዛሬው አይነጻጸርም።

የዓለም ባንክ በሚያደርገው ክትትል 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ የሚወጣው ወጪ ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። አገሮች በ2030 ከ3 በመቶ በታች እናወርዳለን ብለው ተስማምተዋል። በተራ ባንክ በስዊፍት ትንሽ ገንዘብ መላክ ብዙውን ጊዜ ውድ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ አገናኝ ባንክም የራሱን ሊቆርጥ ይችላል።

ለአዲስ ተቀባይ ስትልኩ መጀመሪያ ትንሽ ላኩ። ደርሷል ካሉ በኋላ ቀሪውን። የተቀባዩ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የቤት መጠሪያ አይሆንም። ደረሰኙንም አትጣሉት።

8. አጭበርባሪዎችና «ሂሳብህን አውሰኝ»

ባንክ ፒናችሁን አይጠይቅም። በስልክ የተላከላችሁን ኮድም ደውሎ «አንብብልኝ» አይልም። ስልኩ ላይ የባንኩ ስም ብቅ ማለቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥር ማስመሰል ይቻላል። ስልኩን ዝጉና ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። «ገንዘብህ አደጋ ላይ ነው፣ ቶሎ ወደ አስተማማኝ ሂሳብ አዛውር» ከተባላችሁ ሌባው የደወለው ሰው ራሱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን በወዳጅነት የሚመጣው ነው። አዲስ የመጡ ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች «ገንዘብ ሂሳብህ ውስጥ ይገባል፣ ለአንድ ሰው አስተላልፍልኝ፣ ጥቂቱን ለራስህ አስቀር» ይባላሉ። አንዳንዴ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይመጣል፣ አንዳንዴ በአገር ልጅነት። ያ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። ፖሊስ የሚያገኘው ስም የእናንተ ነው። በሕግ ገንዘብ ማጠብ ይባላል። «አላውቅም ነበር» ማለቱ ሁልጊዜ አያድንም። ከክሱም በላይ ሂሳባችሁ ይዘጋል፣ ሌላ ባንክም ለዓመታት ፊት ሊነሳችሁ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ያላገኘ ወዳጅ «ደሞዜ በአንተ ሂሳብ ይግባ» ሲልም ያው ነው። እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም አንድ ሰው ተቀይሞኛል።

9. ክሬዲት፦ ሳይቸኩሉ

በሌላ አገር የነበራችሁ የብድር ታሪክ ብዙውን ጊዜ ተከትሏችሁ አይመጣም። ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት፣ ብድር የመመለስ ታሪካችሁን የሚመዝነው የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ነጥብ ላይኖራችሁ ይችላል። መያዣ አስይዛችሁ የምታወጡት ካርድ አለ። አንድ ትንሽ ወጪ፣ ለምሳሌ የስልክ ሂሳብ፣ በእሱ ክፈሉ፤ በየወሩ ሙሉውን መልሱ። ቢያንስ ይህን ክፈሉ የሚለው ትንሹ ቁጥር ወጥመድ ነው፤ ቀሪው ወለድ ይወልዳል።

10. ቤት ስትቀይሩ፣ አገር ስትለቁ

ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን ለባንኩ ንገሩ፤ አዲሱ የፖስታ ሳጥን ላይም ስማችሁን የዚያኑ ዕለት ለጥፉ። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስም ኮፒውን ወዲያው ላኩ። ፈቃዱ ሲያልፍበት ሂሳብ የሚያግዱ ባንኮች አሉ።

ሂሳብ የምትዘጉ ከሆነ መጀመሪያ የሚቆረጡትን ሁሉ ወደ አዲሱ አዛውሩ። ከዚያ አሮጌውን ጥቂት ገንዘብ አስቀርታችሁበት ሁለት ወር አቆዩት፤ የረሳችሁት ድርጅት ካለ በዚያ ጊዜ ይታወቃል። ስቴትመንቶቹን በሙሉ አውርዳችሁ ያዙ፤ ሂሳቡ ከተዘጋ አፑም አብሮ ይዘጋል። በመጨረሻ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። የሚልኩበትን አድራሻ ግን አሁን ወደምትኖሩበት ማስቀየራችሁን አትርሱ።